የዎርድፕረስ ባክአፕ ጅማ ላይ ሆኖ፦ ማንሳት፣ ማውረድ፣ መፈተሽ፣ መመለስ

«ባክአፕ (የድረ ገጼ መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ» የሚል ሰው ድረ ገጹ የጠፋ ዕለት ከሦስት ነገሮች በአንዱ ይያዛል። ባክአፑ የተቀመጠው አብሮ በጠፋው ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ድረ ገጹ በሚኖርበት ኮምፒውተር ላይ ይሆናል። ወይም የወረደው ዚፕ መሀል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ማንም ስላልከፈተው አልታወቀም። ወይም ፋይሉ ደህና ነው፣ የሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት የኪራይ ቦታ) ፓስወርድ ግን ገጹን በሠራው ልጅ እጅ ነው፤ ልጁም ስልክ አያነሳም።

ይህ መመሪያ በዎርድፕረስ ለተሠራና ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ባለው ሆስቲንግ ላይ ለተቀመጠ ገጽ ነው። የእንግዳ ማረፊያ፣ የቡና ንግድ ወይም የትምህርት ቤት ገጽ ቢሆን አካሄዱ ያው ነው። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁሉ በነጻ ይገኛሉ፦ አፕድራፍትፕላስ (ባክአፕ የሚያነሳ)፣ ፋይልዚላ (ከሰርቨር ፋይል የሚያወርድና የሚጭን)፣ ሰቨን ዚፕ (ዚፕ የሚከፍትና የሚፈትሽ)፣ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ (ጽሑፍ የሚከፍት) እና ኪፓስ ኤክስሲ (ፓስወርድ የሚያስቀምጥ)። አፕድራፍትፕላስ ደረጃ 3 ላይ ከዎርድፕረሱ ውስጥ ይጫናል፤ አራቱን ከየራሳቸው ኦፊሴላዊ ገጽ ያውርዱ። ከሰው ፍላሽ የተቀዳ ጫኚ አይጠቀሙ።

መብራት ሲጠፋ የሚቆመው የቱ ነው?

ይህ ካልተለየ ቀሪው ሁሉ ይምታታል። ባክአፑን የሚያነሳው የእርስዎ ላፕቶፕ ሳይሆን ሰርቨሩ ነው። «ባክአፕ ናው» ብለው ከጫኑ በኋላ ሄርማታ ሰፈር መብራት ቢጠፋ፣ ዋይፋዩ ቢሞት፣ ላፕቶፑ ቢዘጋ ሥራው አይቆምም። ከእርስዎ መስመር ጋር የታሰረው ማውረዱና በመልሶ ማቋቋም ጊዜ ፋይሎቹን ወደ ሰርቨሩ መጫኑ ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና «ባክአፕ ናው» አይጫኑ። ሁለት ባክአፕ በአንድ ጊዜ ሲሮጥ ሰርቨሩ ይጨናነቃል፣ ቦታውም ይሞላል።

ደረጃ 1፦ ቁልፎቹን በእጅዎ ያድርጉ

ምንም ነገር ከመጫንዎ በፊት የእነዚህን መግቢያዎች ስምና ፓስወርድ ይሰብስቡ፦

1. የዶሜይኑ መግቢያ፣ ማለትም ስሙ የተገዛበት።
2. የሆስቲንጉ ወይም የሲፓነሉ መግቢያ።
3. የዎርድፕረሱ መግቢያ፤ «አድሚኒስትሬተር» የሚል ሥልጣን ያለው መሆን አለበት። «ኤዲተር» ብቻ ከሆነ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) አያስጭንም።
4. ባክአፑ የሚላክበት የጉግል አካውንት።

ኪፓስ ኤክስሲን ይክፈቱ፣ አዲስ ዳታቤዝ ይፍጠሩ፣ አንድ ረጅም ዋና ፓስወርድ ይስጡትና አራቱንም ያስገቡ። ኪፓስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀንም ፓስወርድዎ አይታገትም። ዋናው ፓስወርድ ከተረሳ ግን የሚከፍተው የለም። በወረቀት ጽፈው የቤት ካርታና ውል በሚቀመጥበት ያስቀምጡት።

ዶሜይኑና ሆስቲንጉ የተመዘገቡት በሌላ ሰው ኢሜይል ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ራስዎ ኢሜይል ያስቀይሩ። ይህን ሳይጨርሱ ወደ ደረጃ 2 መሄድ ቤቱን ሳይረከቡ ቀለም እንደመቀባት ነው። የዶሜይን ዘመን አልፎ ስሙ ከተወሰደ ደግሞ ባክአፕ አይመልሰውም፤ የማደሻውን ቀን አብረው ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ይለኩ፣ ሰዓቱን ያስተካክሉ

ሲፓነል ውስጥ «ዲስክ ዩሴጅ» የሚለውን ይመልከቱና ይህን ሒሳብ ይሥሩ። የተፈቀደልዎ 1 ጊጋባይት ነው እንበል፤ ገጹ 600 ሜጋባይት ይዟል። ባክአፑ ሲዘጋጅ ዚፕ ወደ 600 ሊጠጋ ይችላል፤ ምክንያቱም የገጹ አብዛኛው ክብደት ፎቶ ነው፣ ጄፔግ ደግሞ ቀድሞ የታመቀ ስለሆነ ዚፕ ብዙም አይቀንሰውም። ድምሩ 1.2 ጊጋባይት ሆነ፣ አልገባም። ባክአፑ መሀል ላይ ይቆማል፤ ከዚያም የከፋው በዚያው ሆስቲንግ ላይ ያለው ኢሜይል ቦታ አጥቶ መቀበል ሊያቆም ይችላል።

ቦታ ካጠረ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ያቅልሉ። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ስኩሽ በሚባለው የብራውዘር መሣሪያ ስፋቱን ወደ 1600 ፒክስል፣ ጥራቱን ወደ 75 ያውርዱት፤ አብዛኛው ከግማሽ ሜጋባይት በታች ይሆናል። በዚያው የፎቶውን ፋይል ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ያድርጉ። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲሄድ ስሙ ተበላሽቶ ፎቶው ገጹ ላይ ላይታይ ይችላል።

ሰዓቱን ለማስተካከል ወደ ዎርድፕረስ ዳሽቦርድ ይሂዱ፦ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ጄነራል»፣ ቀጥሎ «ታይምዞን»፤ ከዝርዝሩ አዲስ አበባን ይምረጡ። ይህ ካልተደረገ ገጹ የሚያሳየው ሰዓት ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ሊሆን ይችላል። የሚታየው አቆጣጠር የፈረንጅ መሆኑንም አይዘንጉ፤ 02:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። «ባክአፑ ባልኩት ሰዓት አልተነሳም» የሚባለው አንዳንዴ መዘዙ ይኸው ነው።

ደረጃ 3፦ አፕድራፍትፕላስን ይጫኑና ያዘጋጁ

1. «ፕለጊንስ» ገብተው እንደ ዎርድፕረሱ ዕትም «አድ ኒው» ወይም «አድ ፕለጊን» ይበሉ፤ ስሙን ይፈልጉ፣ ይጫኑ፣ «አክቲቬት» ያድርጉ።
2. የፕለጊኑን «ሴቲንግስ» ገጽ ይክፈቱ።
3. የፋይል መርሐ ግብሩን ሳምንታዊ፣ የዳታቤዙን ዕለታዊ ያድርጉ። ጽሑፍዎ፣ ትእዛዙና የደንበኛው መልእክት ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ቢነሳ አይከብድም።
4. የሚቀመጡት ቅጂዎች ብዛት ሲጫን 2 ነው። ለፋይል 3፣ ለዳታቤዝ 14 ያድርጉት። ሰብሮ የገባ ሰው የጻፈው ነገር የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ቅጂ ብቻ ካለዎት ሁለቱም ከነተባዩ የተነሱ ይሆናሉ።
5. ከማስቀመጫዎቹ ጉግል ድራይቭን ይምረጡ፤ ከታች «ሴቭ ቼንጅስ» ይጫኑ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ይወጣል። አልጨረሰም። ካስቀመጡ በኋላ ለጉግል ፈቃድ የሚሰጥበት ሊንክ ይመጣል። ይጫኑት፣ አካውንቱን ይምረጡ፣ ይፍቀዱ፣ ቀጥሎ በሚመጣው ገጽ ላይ «ኮምፕሊት ሴትአፕ» የሚለውን ይጫኑ። የመጨረሻዋ ቁልፍ ካልተጫነች ባክአፑ ወደ ድራይቭ አይሄድም፤ ሰርቨሩ ላይ ይቀራል።

ነጻው የጉግል አካውንት 15 ጊጋባይት አለው፤ እሱንም ጂሜይልና የስልክዎ ፎቶዎች ይጋሩታል። ለባክአፕ ብቻ የሚሆን አዲስ አካውንት መክፈት ይሻላል። የግል ጂሜይልዎ በባክአፕ ከተሞላ መልእክት መቀበል ያቆማል።

መርሐ ግብሩ ለምን ይዘገያል? ዎርድፕረስ የራሱ ደወል የለውም፤ የተቀጠረ ሥራ የሚነቃው አንድ ጎብኚ ገጹን ሲከፍት ነው። በቀን አምስት ሰው የሚያየው ገጽ ለሌሊት የተቀጠረውን ጠዋት ላይ ቢሠራው ጤነኛ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ባክአፕ ያንሱ

በፋይልዚላ ለማውረድ ካሰቡ መጀመሪያ ደረጃ 5 ላይ ስለ «ዴሊት ሎካል ባክአፕ» የተጻፈውን ይፈጽሙ። ከዚያ «ባክአፕ ናው» ይጫኑ። ትንሿ ሳጥን ስትመጣ ዳታቤዙም፣ ፋይሎቹም፣ ወደ ሩቅ ማስቀመጫ መላኩም ምልክት እንዳለባቸው ያረጋግጡና ያስጀምሩ።

ሲያልቅ አምስት ዓይነት ፋይል ማግኘት አለብዎት፦ ዳታቤዝ፣ ፕለጊንስ፣ ቲምስ፣ አፕሎድስ እና አዘርስ። ገጹ ትልቅ ከሆነ አፕሎድስ በ400 ሜጋባይት እየተከፈለ ሁለትና ሦስት ፋይል ይሆናል። ሁሉም የአንድ ባክአፕ አካል ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ፎቶዎ ጎደለ ማለት ነው።

የማይሆን ከሆነ፦

«ሪዘምፕሽን» የሚል ቃል ካዩ አይደንግጡ። ሰርቨሩ ለአንድ ሥራ የሰጠው ደቂቃ አልቆ ቆይቶ ይቀጥላል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ይተዉት።

ከዚያም በኋላ እዚያው ቦታ ከቆመ «ቪው ሎግ» ከፍተው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ። ስለ ዲስክ የሚያወራ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። አፕሎድስ ላይ ከቆመ በ«ኤክስፐርት ሴቲንግስ» ውስጥ 400 የሚለውን መክፈያ ወደ 100 ያውርዱትና እንደገና ይሞክሩ። ደካማ ሰርቨር ትናንሽ ዚፕ ይቀለዋል።

«ኢንቫሊድ ግራንት» የሚል ከመጣ ለጉግል የሰጡት ፈቃድ ተሰርዟል፤ የፈቃዱን ሊንክ እንደገና ይጫኑ። ሌላ የሚነካ ነገር የለም።

ደረጃ 5፦ ወደ ላፕቶፕዎ ያውርዱ

ድራይቭ ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ያ አካውንት ከተዘጋብዎ ሁሉም አብሮ ይዘጋል።

መጀመሪያ ዳታዎን ያስሉ። 600 ሜጋባይት በ2 ሜጋቢት መስመር ላይ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ኔትወርኩ ሲቀንስ ደግሞ ሰዓታት። በስልክ ሆትስፖት የሚያወርዱ ከሆነ በዊንዶውስ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ መስመሩን «ሚተርድ» ያድርጉት፤ አለበለዚያ ለባክአፕ የገዙትን ጥቅል የዊንዶውስ አፕዴት ይበላዋል። የሌሊት ጥቅል ይረክሳል፣ መስመሩም ሰው ስለሚቀንስበት ይሻላል።

ከድራይቭ ሲያወርዱ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያውርዱ። ብዙ ፋይል በአንድ ላይ ከመረጡ ጉግል ራሱ በአዲስ ዚፕ ይጠቀልላቸዋል፤ መስመር ሲቆረጥ ያን ዚፕ ካቆመበት ማስቀጠል ያስቸግራል፣ ከዜሮ ሊያስጀምርዎት ይችላል።

በተደጋጋሚ ለሚቆራረጥ መስመር ግን ፋይልዚላ ይበልጣል። ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ ባክአፑ ሰርቨሩ ላይም መቆየት ስላለበት፣ ቦታ ካለዎት ባክአፑን ከማንሳትዎ በፊት በ«ኤክስፐርት ሴቲንግስ» ውስጥ «ዴሊት ሎካል ባክአፕ» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ።

1. በፋይልዚላ «ሳይት ማናጀር» ውስጥ አዲስ ሳይት ይክፈቱ። ሆስቲንጉ የሰጠዎትን የኤፍቲፒ (የፋይል ማስተላለፊያ) አድራሻ፣ ስምና ፓስወርድ ያስገቡ፤ «ኢንክሪፕሽን» ላይ ቲኤልኤስን (መስመሩን የሚያመሰጥረውን) ግዴታ የሚያደርገውን ይምረጡ። ያለ እሱ ፓስወርድዎ በመስመሩ ላይ ራቁቱን ይሄዳል።
2. በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ኮኔክሽን» ገብተው የሙከራውን ብዛት ከ2 ወደ 20 ያሳድጉ።
3. «ትራንስፈርስ» ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚወርደውን ፋይል 1 ያድርጉ። ደካማ መስመር ላይ ሁለት ፋይል አብሮ ማውረድ ሁለቱንም ማዘግየት ነው።
4. እዚያው «ፋይል ኤግዚስትስ አክሽን» በሚለው ሥር ለዳውንሎድ «ሪዝዩም» ይምረጡ። ዋናዋ ይህች ናት፤ «ኦቨርራይት» ከሆነ መብራት በመጣ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራሉ።
5. ከሰርቨሩ በኩል «ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል» የሚለውን ፎልደር፣ ውስጡ «ደብሊውፒ ኮንተንት»ን፣ ውስጡ «አፕድራፍት»ን ይክፈቱ። የዕለቱን ፋይሎች መርጠው ያውርዱ።

መስመር ተቆርጦ የቀሩ ፋይሎች ከታች «ፌልድ ትራንስፈርስ» ውስጥ ይሰበሰባሉ። በቀኝ ክሊክ ወደ ወረፋው ይመልሷቸውና ያስቀጥሉ። መግባቱ ተሳክቶ የፎልደሩ ዝርዝር ካልመጣ ደግሞ በሳይቱ የ«ትራንስፈር ሴቲንግስ» ውስጥ «ፓሲቭ» ያድርጉት፤ በሆትስፖት ሲሆን ይህ ችግር የተለመደ ነው።

ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፣ መብረቁም ቀላል አይደለም። ነጎድጓድ ሲጀምር ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ያውርዱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መወዛወዝም ያው ጠላት ነው፤ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሰው ይሰኩ።

ደረጃ 6፦ ሳይከፍቱ አይመኑ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ከደረጃ 1 እስከ 5 የለፋው በከንቱ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ መጠኑን ያነጻጽሩ። በፋይልዚላ በግራ ያለው የላፕቶፕዎ፣ በቀኝ ያለው የሰርቨሩ ነው፤ የሁለቱ የባይት ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ እኩል መሆን አለበት። «ወደዚያ ይጠጋል» አይሠራም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ዚፕ በቀኝ ክሊክ ይዘው በሰቨን ዚፕ ውስጥ «ቴስት አርካይቭ» ይበሉ። ስህተት የለም ካለ ደህና ነው። ስህተት ካለ ያን ፋይል ብቻ አጥፍተው ያውርዱ፤ ሌሎቹን አይንኩ።

ዳታቤዙ ለብቻው ይታይ። ፋይሉን በሰቨን ዚፕ ይፍቱና በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይክፈቱት። ገጹ ላይ በመጨረሻ ከጻፉት ጽሑፍ አንድ ለየት ያለ የአማርኛ ቃል ይፈልጉ። ሦስት ነገር ሊያጋጥምዎ ይችላል፦

ቃሉ በትክክል ተገኘ፤ ባክአፑ ጤነኛ ነው።

አማርኛው በሚኖርበት ቦታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት አለ። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተነበበው በተሳሳተ ኢንኮዲንግ ነው። ከ«ኢንኮዲንግ» ሜኑ ዩቲኤፍ 8ን ይምረጡና እንደገና ይዩት። አማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ አንባቢው ፕሮግራም ሦስቱን ለየብቻ ሲቆጥር ነው እንዲህ የሚሆነው።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካገኙ ነገሩ ከባድ ነው። በዚያ ቅጂ ውስጥ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ምንም መሣሪያ አይመልሰውም። ገጹ ገና እየሠራ ሳለ ለሆስቲንጉ ይንገሩ፤ የዳታቤዙ የፊደል ዓይነት ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 መሆኑን ያረጋግጡልዎ፤ ከዚያ አዲስ ባክአፕ ያንሱና ይህንኑ ፍተሻ ይድገሙ።

ደረጃ 7፦ ማስቀመጥ

አንድ ቅጂ ድራይቭ ላይ፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ፣ አንድ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ። የባክአፕ ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አይሄድም። አንድ ጊዜ ሲቪ ለማስወጣት ተሰክቶ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ የተመለሰ ፍላሽ ከባክአፕነት ወጥቷል። በዚያ ላይ ውስጡ የደንበኞችዎ ስምና ኢሜይል አለ።

ትልቅ ፋይል ሲገለብጡ «ፋይሉ ለዚህ ፍላሽ ትልቅ ነው» ካለዎት ፍላሹ በፋት 32 የተዘጋጀ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን አውጥተው በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት።

ደረጃ 8፦ ገጹ ሲወድቅ መመለስ

ነጭ ገጽ ስላዩ ብቻ ወደ ባክአፕ አይሩጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ፕለጊን ነው። በሲፓነል «ፋይል ማናጀር» ገብተው «ደብሊውፒ ኮንተንት» ውስጥ ያለውን «ፕለጊንስ» ፎልደር ስም ይቀይሩ። ገጹ ከተነሳ በዳሽቦርዱ የ«ፕለጊንስ»ን ገጽ አንዴ ይክፈቱ፤ ሁሉም ፕለጊኖች ያኔ ይጠፋሉ። ከዚያ የፎልደሩን ስም ይመልሱና ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ እያነቁ ጥፋተኛውን ይያዙ። ባክአፕ አላስፈለገም።

ገጹ በእውነት ከጠፋ ወይም ሰው ሰብሮ ከገባበት፦

1. ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ያድርጉ።
2. ሰው ሰብሮ የገባበት ገጽ ከሆነ ከጥቃቱ ቀን በፊት የተነሳ ቅጂ ይምረጡ። የቅርቡን መምረጥ ሌባውን ከነሻንጣው መመለስ ነው።
3. በሲፓነል አዲስ ባዶ ዎርድፕረስ ይጫኑ፤ አፕድራፍትፕላስን ይጨምሩ።
4. የባክአፑን ፋይሎች ሁሉ በፋይልዚላ ወደ «አፕድራፍት» ፎልደር ይጫኑ። ስማቸውን አይለውጡ፤ ፕለጊኑ የሚያውቃቸው በስማቸው ነው። ለአፕሎድም «ሪዝዩም» መመረጡን አስቀድመው ይዩ።
5. በፕለጊኑ ገጽ «ሪስካን ሎካል ፎልደር» ይጫኑ። ባክአፑ ከነቀኑ ዝርዝሩ ውስጥ ይመጣል። ካልመጣ ፋይሎቹ የተጫኑት ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው።
6. «ሪስቶር» ይጫኑ፣ አምስቱንም ክፍሎች ይምረጡ፣ ያስጀምሩ። መሀል ላይ መስመር ከተቆረጠ ተመልሰው ሲገቡ ያልተጠናቀቀ መልሶ ማቋቋም እንዳለ ይነግርዎታል፤ ከዚያው ያስቀጥሉ፣ አዲስ አይጀምሩ።

ዳታቤዙ እንደተመለሰ ዳሽቦርዱ ሊያስወጣዎት ይችላል፤ ለአዲሱ ዎርድፕረስ የሰጡት ፓስወርድም አይሠራም። ትክክል ነው። ከእንግዲህ የሚሠራው የድሮው ገጽ ስምና ፓስወርድ ነው፤ ከኪፓስ ያውጡት።

መነሻ ገጹ ተከፍቶ የውስጥ ገጾቹ «አልተገኘም» ካሉ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፐርማሊንክስ» ይግቡና ምንም ሳይቀይሩ «ሴቭ ቼንጅስ» ይጫኑ። ሰው ሰብሮ የገባበት ገጽ ከሆነ የዎርድፕረሱን፣ የሲፓነሉንና የኤፍቲፒውን ፓስወርድ በዚያው ሰዓት ይቀይሩ፤ የማያውቁት አድሚኒስትሬተር ተጠቃሚ ካለም ያጥፉ። በመጨረሻ ፕለጊኑ «ኦልድ» በሚል ቅጥያ ያስቀራቸውን የቀድሞ ፎልደሮች እንዲያጠፋ ይጠይቅዎታል። ሁሉንም ገጽ፣ በተለይ የመገኛ ቅጹን፣ በስልክም በላፕቶፕም ሳይሞክሩ አይፍቀዱለት።